የራስ ደጀን ቁመት

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ብቻዬን ነው። ለሬዲዮ የምጽፈውን ሁሉ ከመቀረጹ በፊት ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ አንደበት የሚያሰናክል ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ አይታወቅም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች የምታዳምጠኝ እሷ ነበረች። ከእሷ በኋላ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

ስለ አፍሪካ ታላላቅ ተራሮች ተከታታይ ዝግጅት የጀመርኩ ሰሞን፣ አንድ ምሽት ስልክ ተደወለልኝና የአትላስ ተራሮችን ንባብ ሞሮኮ ላይ አቋርጬ ተነሳሁ። በማግስቱ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። ኮልፌ ገበያ ቅመም ሲነግዱ ያረጁ የጋሞ ሴት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ትናንት ተራራው ላይ ጥለኸኝ የት ሄድክ?»

ግድግዳው ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ቤት እየገባሁ አነብ ጀመር። ቁጥር በጠራሁ ቁጥር ያቋርጡኛል። የሩዌንዞሪ በረዶ እየቀለጠ ነው ስል «ምድር ወገብ ላይ በረዶ? ማን አይቶ?» ብለው ምንጭ አስቆጠሩኝ። ደቡብ አፍሪካ ደርሰን ምላሴ ድራከንስበርግ ላይ ሲሰናከል ደግሞ «ሌላ ስም አጡለት?» አሉ።

የመጨረሻው ክፍል ስለ ሰሜን ተራሮች ነበር። እሱን ሳልጨርስ ልጃቸው ወደ አርባ ምንጭ ልትወስዳቸው መጣች። ዕቃው ተጭኖ ካለቀ በኋላ እትዬ ባዶው ሳሎን ውስጥ በቀረችው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«አንብብ።»

«የራስ ደጀንን ቁመት ገና አላረጋገጥኩም።»

«አራት ሺህ ስድስት መቶ ሃያ። ልጆቼ ሁሉ ሲሸመድዱት ሰምቻለሁ።»

«አዲሱ ልኬት ያሳንሰዋል፣ እትዬ።»

«ጎበጠ በለኛ፣ እንደ እኔ።»

ቁመቱን ዘልዬ የቀረውን አነበብኩላቸው። ዋልያዎቹ ጋ ስደርስ መኪናው ከታች ጥሩምባ ነፋ።

«ስታረጋግጥ ደውልልኝ» ብለው ትከሻዬን ተደግፈው ደረጃውን ወረዱ።

ከሳምንት በኋላ ደወልኩ። ልጃቸው አነሳች። «እማዬ እህቷ ጋ ደጋ ወጥታለች። እዚያ ተራራ ላይ ኔትወርክ የለም።»

በቀረጻው ዕለት የድሮውንም የአዲሱንም ልኬት ከነምንጫቸው አነበብኩ። የድምፅ ባለሙያው ከመስታወቱ ወዲያ እጁን አነሳ።

«ጋሼ፣ ከቁጥሩ በኋላ ብዙ ዝም ብለዋል። ልቁረጠው?»

«ቁረጠው» አልኩትና ወደ ዋልያዎቹ አለፍኩ።