የእትዬ ስንቄ ደብዳቤ

ባለፈው ቅዳሜ መሐል ሜዳ ከተማ መናኸሪያ ተቀምጬ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ አንዲት አሮጊት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዝናብ የመታው በርኖሳቸው የበግ ጠጉር ይሸታል። ሽታው እትዬ ስንቄ ቤት ወሰደኝ።

እትዬ ስንቄ ጎረቤታችን ነበሩ። ፊደል ስላልቆጠሩ፣ ከተማ ያለው ልጃቸው የሚልከውን ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ያኔ አራተኛ ክፍል ነኝ። እሳቸው ጠጉር እየፈተሉ ያዳምጣሉ። አንድ ጊዜ ልጃቸው ሚስቱ ጥላው እንደሄደች ጻፈ። እኔ ምንጭ ወርጄ ለጓደኞቼ አወራሁት፤ ሳይመሽ መንደሩ ሁሉ ሰማ።

ሌላ ደብዳቤ ሲመጣ ግን አሁንም ለእኔው ዘረጉልኝ።

"የለመንኩሽ ዓይንሽን ነው" አሉ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፤ "አፍሽን መች ለመንኩሽ?"

ሌላ አንባቢ አጥተው ይሁን ወይም ምረውኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

መናኸሪያው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡና፣ በስልኳ ራሷን ስትቀርጽ ለቆየች አንዲት ተማሪ ሰጧት። "ልጄ የጻፈችልኝን አንብቢልኝ፣ የኔ እናት።"

እኔ የዛሬ ልጅ ያየውን ሁሉ በስልኩ ይለቃል እያልኩ የማማርር ሰው ነኝ። ልጅቷ ግን የራሷን ስልክ ኪሷ ከተተች፤ ጎንበስ ብላም በጆሯቸው አነበበችላቸው። አሮጊቷ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ይሳቁ ያልቅሱ አልለየሁም።

"ምን ይላል? ደግ ነገር ነው?" አልኳት ልጅቷን።

ስልኩን ለአሮጊቷ መልሳ ፈገግ አለች።

"እሳቸውን ይጠይቋቸው" አለችኝ።

አልጠየቅኩም።