ከመስታወቱ ጠርዝ ያለፈ ውሃ

ታላቅ ወንድሜ የሆቴሎችን የዓሣ ገንዳ ይጠግን ነበር። ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታችንም የራሱ የጨው ውሃ ገንዳ ነበረው፤ ሁለት ብርቱካንማ ዓሣዎች ይኖሩበታል። ከሥሩ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሌላ ገንዳ አለ። ፓምፑ ውሃውን ከዚያ ወደ ላይ ይገፋል፤ ውሃው ደግሞ በቱቦ ተመልሶ ይወርዳል። የማውቀው ይህን ያህል ነው። የቀረውን የሚያውቀው እሱ ነበር።

ወንድሜ ሞቶ አርባው ሳይወጣ ውሃው ሁለት ጊዜ ከመስታወቱ ጠርዝ አልፎ ፈሰሰ። የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ራሰ። ወለሉን ጠርገን ስንጨርስ ግን ገንዳው ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። አባቴ "አንዴ ከደገመው ይሸጣል" አለ። ከወንድሜ የቀረኝ ገንዳው ብቻ ነው። እንዲሸጥ አልፈለግሁም።

የጠረጠርኩት የወንድሜን የሥራ ባልደረባ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ገንዳው ሥር ይንበረከካል። ለማጽናናት የመጣ ሰው ቱቦ ምን ያደርግለታል? አንድ ቀን ደግሞ "ካስቸገራችሁ እኔ እወስደዋለሁ" አለ። በቃ፣ እያበላሸ ሊያስሸጠን ነው አልኩ። ውሃው የሚወርድበት ቱቦ መክፈቻና መዝጊያ ቫልቭ ላይ በእስክሪብቶ ቀጭን መስመር አሰመርኩ። የውሃውንም ልክ መስታወቱ ላይ ምልክት አደረግሁ።

ቅዳሜ መጥቶ ሄደ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ጥፋት ስላላገኘሁበት እንዲያውም ከፋኝ።

እሁድ የዕድር ሴቶች መጥተው ከለቅሶው ጀምሮ እኛ ጋ ከሰነበተችው አክስቴ ጋር ተቀመጡ። ሲወጡ አየሁ፤ ቫልቩ ዞሯል። ውሃው ከምልክቱ ሁለት ጣት አልፏል፤ እየጨመረም ነው። ፓምፑን ነቀልኩ።

"ማነው የነካው?"

"እኔ ነኛ!" አለች አክስቴ። "ሰው ሊያለቅስ መጥቶ ቱቦው ይንዶቀዶቃል? ዝም እንዲል እዘጋዋለሁ። ሲፈስ ደግሞ ደንግጬ እመልሰዋለሁ። አባትህ እንዳይሰማ፣ የኔ ጌታ።"

የሚያስተካክል ሌላ ሰው አላውቅም፣ ከዚያው ከወንድሜ ባልደረባ በቀር። ደወልኩለት። መጣ፤ እጅጌውን ሰበሰበ።

"ዋናው ሲዘጋ ውሃው በመጠባበቂያው ቱቦ መውረድ ነበረበት" አለና ጣቱን ከተተ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ መዝዞ አወጣ።

"አንደኛውን ብዘጋው ሌላኛው ባሰበት" አለች አክስቴ። "እሱንም ዝም አሰኘሁት።"

ሳቁን ዋጠ። "እማማ፣ ሙያውን ይዘውታል፤ አበዙት እንጂ።"

የሚንዶቀዶቀው ቱቦው አየር ሲስብ ነው አለኝ። ፓምፑን ሰክቶ ቫልቩን ከፈተ። ከዚያ ጥቂት አጠበበው፤ ውሃውን እያየ ጠበቀ። ደግሞ ጥቂት። ውሃው የቱቦውን አፍ ሲሸፍን ድምፁ ጠፋ።

"ወንድምህ በየሳምንቱ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እያየሁት እሄድ ነበር፤ ሳይፈቀድልኝ መንካት ግን ፈራሁ።"

ፊቱን ማየት አቃተኝ።

አባቴ ከመኝታ ቤት ወጣ። "ገንዳው ምነው ዝም አለ?"

"እየሠራ ነው፣ አባባ።"

አላመነኝም። አክስቴን አየ፤ ሰውየውን አየ። ጋዜጣ አምጥቶ ቁም ሳጥኑ ሥር አነጠፈ። "አንድ ሳምንት እናያለን። ይህ ከረጠበ ገንዳው ይሸጣል።"

ጠዋት ጠዋት እየተንበረከከ ጋዜጣውን በመዳፉ ይዳብሳል። ሳምንቱ ሲያልቅ ደረቅ ነበር። አጣጥፎ አነሳውና ሌላ አነጠፈ። የመሸጡ ነገር በዚያው ቀረ።