አጠገብዎ ሰው አለ?

ቡራዩ ውስጥ፣ ከገፈርሳ ወዲህ ባለው ሰፈር፣ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው «እንዴት ብዬ ልንገርሽ እንግዲህ…» እያለ ካንጠለጠለው፣ ሰሚው ቶሎ ብሎ «አጠገቤ ሰው አለ፤ ንገረኝ!» ይለዋል። አትፍራ፣ ችዬዋለሁ፣ አውጣው ማለት ነው። እንግዳ ሰው ግራ ይገባዋል። ወጣቶቹ ለፈተና ውጤትም፣ ለኳስ ጨዋታም ይሉትና ይሳሳቁበታል። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ብዙም አይስቅም። የመጣው ከአዴ ገለቴ ቤት ነው።

ገለቴ አጣና ነጋዴ ነበረች። ድሮ ከባሏ ከኦቦ ቦሩ ጋር ገብስና ድንች የሚያፈሩበት መሬት ነበራቸው፤ ከተማው እየሰፋ መጣና ወሰደው። ቦሩ ሞፈርና ቀንበሩን በአህያ ጭኖ ከሆለታ ወዲያ የሰው መሬት በእኩል ሊያርስ ሄደ። አጨዳና ውቂያ ሲደርስማ ከነጭራሹ አይታይም፤ ያለበት ቦታ ኔትወርክ የሚባል ነገር ስለሌለ ድምፁም አይሰማም። እሷ ደግሞ በዚያው በገዛ መሬቷ ላይ ቤት ለሚሠሩት ሰዎች አጣና ትሸጥ ጀመር። ምን ታድርግ! ልጅ ይብላ እንጂ።

አፏ ግን ለጉድ ነው። አጣናውን ከነተረቱ ነው የምትሸጠው። አንዱ ገዢ «ይሄ እኮ ጠማማ ነው» ካላት «አንተን ቀጥ አድርጎ የሠራህ ማነው?» ብላ ታስቀዋለች፤ ስቆም ይገዛል። አዲስ አበባ እያደረች ኮሌጅ የምትማረው ልጇ ሄመን ለቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ስታልፍም፣ ሌላው ተወዳዳሪ ሁሉ የመምህሩን ስልክ ሲያስመዘግብ፣ እሷ የእናቷን አስመዘገበች። ተወዳዳሪው ጥያቄ ሲከብደው ለአንድ ሰው ደውሎ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ መልሱን ይጠይቃል። «እማዬ የማታውቀው አባባል የለም፤ ለእኔ እሷ ትበቃኛለች» ነው ያለችው። ውድድሩ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው።

ታዲያ ያ ሳምንት ምን ዓይነት ሳምንት ነበር! ታኅሣሥ 2008። ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር የቀረውንም መሬት ሊጠቀልል ነው ተብሎ ወጣቱ አስፋልት ላይ ወጣ። ጎማ ነደደ፣ የአምቦ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ተኩስ ተሰማ። የገለቴ ትልቁ ልጅ ኢብሳ «መጣሁ» ብሎ ከቤት ወጣ። በዚያው ቀረ።

ስልኩ ዝግ ነው። በነጋታውም ዝግ። ገለቴ እህል አላሰኛት፤ አጣናዋን ፀሐይ ላይ ጥላ ከበር ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር ትላለች። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ልትጠይቅ ነጠላዋን ስትለብስ ጎረቤቷ ማሪቱ እጇን ያዘቻት። «አበድሽ እንዴ? ታስሮ ከሆነ መታሰሩ አይቀር። ካልታሰረ ግን በገዛ አፍሽ ስሙን ልትሰጫቸው ነው? ተቀመጪ!» ተቀመጠች። ለሄመንም አልነገረቻት። ልጅቷ ውድድር ላይ ናት፤ ለምን ሐሳቧን ትበትናለች? ሆድ ይፍጀው አለች። ሄመን ራሷ ደውላ «መንገዱ ተዘግቷል፣ ውድድሩ ለሌላ ጊዜ ሳይተላለፍ አይቀርም መሰለኝ» ስትላት ገለቴ ነገሩን ከልቧ አወጣችው። ከዚያ በኋላ ያ ስልክ ለእሷ የኢብሳ ብቻ ሆነ። በጉያዋ ይዛው ትውላለች፤ «ያ ዋቅ፣ አምላኬ፣ ልጄን መልስልኝ፤ እቤቱ መልስልኝ» ትላለች። ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር።

«ወይዘሮ ገለቴ ነዎት?» የወንድ ድምፅ ነው፤ ለስላሳ፣ ቀስ የሚል፣ እንደ ሬዲዮ ሰው የተገራ።

«ነኝ።»

ሰውዬው ስሙንም የሚደውልበትንም ተናገረ፤ ማን ሰምቶት! ቀጥሎ «የምንደውልልዎ በልጅዎ ጉዳይ ነው፤ እንዳይደነግጡ» ሲል ግን እያንዳንዷ ቃል ጆሮዋ ገባች።

«ከመቀጠላችን በፊት፣ አጠገብዎ ሰው አለ?»

እንግዲህ ፍረዱ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ በር ተንኳኩቶ ነው። በዚያ ሳምንት ግን መንገዱ ተዘግቷል፤ ሽማግሌ በየት በኩል ይምጣ? ደግሞ ከሩቅ የሚያረዳ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቃት ጥያቄ ይህቺው ናት፤ ሰሚው ብቻውን እንዳይወድቅ ደጋፊ መኖሩን ያጣራል። ያ የቴሌቪዥን ሰው የጠየቀው ግን መልሱን ሹክ የሚላት ሰው እንዳይኖር ነው። ሕጋቸው ነው። እሷ በምን ትወቀው?

«የለም… ብቻዬን ነኝ» አለች።

«በጣም ጥሩ!» አላት።

በጣም ጥሩ! ምን ዓይነት አረመኔ ነው!

«አሁን ልጅዎን ላገናኝዎ። ሠላሳ ሰከንድ አላችሁ።»

ወዲያው ሄመን እየተጣደፈች መስመሩ ላይ ገባች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «እማዬ፣ ቶሎ በይ፣ ‹ሞፈር ዘመት› የሚባለው አባባል መነሻው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ጦር ሜዳ…»

ገለቴ የሰማችው የልጇን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። «ሄመንዬ፣ አንቺም ሰማሽ? ገደሉት አይደል? ንገሪኝ፣ ወንድምሽን ገደሉት?»

«ማንን? እማዬ፣ ኢብሳ ምን ሆነ?»

«ኢብሳ ኮ፣ የኔ ኢብሳ! ኢብሳ ቦሩ! አስፋልት ወጥቶ ነው የቀረብኝ! ለጥይት ነው ወይ ያሳደግኩህ! ሬሳውን እንኳ ስጡኝ!»

አንድ ነገር ጢጥ አለና ስልኩ ተዘጋ። ሞፈር ዘመት ማለት መሬት ያጣ ገበሬ ነው፤ ሞፈሩን ተሸክሞ፣ ዘማች ይመስል ከቤቱ ርቆ ሄዶ የሚያርስ። ያንን ለገለቴ መጠየቅ! ባሏ ማን ሆነና! ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት ትመልሰው ነበር።

ጩኸቷን የሰማ ሰፈር ግቢውን ሞላው። ማሪቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየደቃች ገባች፤ ሌሎቹም «ወንድሜ ኢብሳ!» እያሉ ተከተሉ። ኤልቃና የሚባል ከደቡብ የመጣ ግንበኛ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። እሱ ሳሙናው ያልለቀቀ ፊቱን ይዞ ሮጦ መጣ።

«ኧረ እትዬ ገለቴ! ኧረ በጌታ! ሞት የለም! ቴሌቪዥን ላይ ነበሩ እኮ! ድምፅዎን ከግቢም ከቴሌቪዥንም እኩል ሰማሁት! ጥያቄ ነው የጠየቁዎት! ‹አጠገብዎ ሰው አለ?› ያለዎትም መልሱን ሹክ የሚልዎ እንዳይኖር ነው!»

ልቅሶው ቀጥ አለ። አንዷ ከኋላ ሳቅ አመለጣት፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉም። ማሪቱ ሳትቀር እንባዋን እየጠረገች «አጠገብሽ ሰው አለ አላት!» እያለች ተንከተከተች። አባባሉ ያኔ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ተወለደ። ገለቴ ብቻ አልሳቀችም።

«ኤልቃና፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ምን ምን አልኩ?»

ኤልቃና አቀረቀረ። «ስሙን ጠሩት፤ ከነአባቱ።»

«ሌላስ?»

«አስፋልት ወጥቶ ነው የቀረው አሉ።»

ሳቁ ባንድ ጊዜ ሞተ። ያን ጊዜ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሁሉም ስልኩን ያየዋል፤ የሚነካው ጠፋ። ገለቴ ራሷ አነሳችው።

«እማዬ፣ አለሁ። ደህና ነኝ። ሱሉልታ ነኝ፣ ስልኬ ወድቆ ጠፍቶብኝ ነው። ምግብ ቤት ተቀምጬ በቴሌቪዥን ስታለቅሺ ሰማሁሽ። በቃ አታልቅሺ፤ አሁኑኑ እነሳለሁ፣ ሲመሽ እቤት ነኝ።»

ገለቴ ዓይኗን ጨፈነች። ልጇ አለ። ድምፁ አለ። ግን እሷ የጮኸችውን አገር ሁሉ፣ ፖሊሱም ጭምር ሰምቶታል፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ያደረገውን።

«አትምጣ» አለች።

«ምን?»

«እንዳትመጣ፣ ልጄ። እናትህ ነኝ የምልህ፤ እዚህ ቤት እንዳትመጣ።»

ስልኩን እሷው ዘጋችው። ከዚያ አጣናው ላይ ቁጭ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ጀመር፤ ማሪቱም ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች።