የሰባተኛው ኬላ ሁለት መቶ አሥራ አራት መጨረሻዎች

ማናልሞሽ የማንንም ጽሑፍ አታርምም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት በታይፒስትነት ስትሠራ፣ አለቃ ያጣመመውን አጣምማ፣ ያቃናውን አቃንታ ስትተይብ ኖራለች። «እኔ እጅ ነኝ እንጂ አፍ አይደለሁም» ትላለች። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በአማርኛ አስተማሪነት የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ በዚህ ጠባይዋ ስንት ጊዜ እንደተናደድኩ እግዜር ይቁጠረው። ያም ሆኖ ከእሷ በላይ የከተማውን ሰው እጅ ጽሕፈት የሚያውቅ አላየሁም። አንድ መስመር ብታሳያት የማን እንደሆነ ትነግርሃለች፣ ሲጽፍ ተናዶ እንደነበረም ጭምር።

ነገሩ የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ «ሰባተኛው ኬላ» የሚባል ተከታታይ ድራማ ይተላለፍ ነበር። በለጡ የምትባል ሴት፣ ቡና ጭኖ ወጥቶ የቀረውን ሾፌር ባሏን ደርቤን ፍለጋ ከኬላ ኬላ ትንከራተታለች። ቡና በሚጫንበት አገር ወጥቶ የቀረ ሾፌር የማያውቅ ሰፈር ስለሌለ፣ ከተማው እንዳለ ሥራ ትቶ ያዳምጣል። በለጡ ሰባተኛው ኬላ ደረሰች። ጠባቂውን ጠየቀችው። እሱም «ደርቤማ...» ብሎ ጀመረና ሙዚቃ ገባ። በሳምንቱ ሬዲዮናችንን ከበን ብንቀመጥ ስለ ንብ እርባታ የሚያስረዳ ባለሙያ መጣ። በሚቀጥለውም ሳምንት ንብ። ድራማው ለምን እንደተቋረጠ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ሰው እንዲህ ተንጠልጥሎ መኖር አይችልም። አንዱ መጨረሻውን ራሱ ጽፎ አመጣ፣ ማናልሞሽ በምሳ ሰዓቷ ተየበችለት። ሌላው «አይ፣ እንዲህ አይደለም» ብሎ የራሱን ይዞ መጣ። ስሙን «ቅጥያ» አልነው። ከአማንም፣ ከሸዋ ቤንችም፣ ከቴፒም ይመጣላት ጀመር። እሷ ተይባ ስታበቃ የእጅ ጽሑፉን በክላሴር ታስቀምጣለች። እኔም ሦስት ቅጥያ ጽፌያለሁ። በአንደኛው በለጡ ባሏን መፈለግ ትታ አንድ ጨዋ የአማርኛ አስተማሪ ታገባለች። በዚህች ቅጥያ እስከ ዛሬ ይሳቅብኛል።

ማናልሞሽ ራሷ አንድም አልጻፈችም። አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠየቅኋትና «የኔን ማን ያነበዋል» ብላ ወሬ ቀየረች። የቂል ጥያቄ ነበር። ባሏ አስረስ በ1993 ከጭነት መኪና ጋር ወደ ጅማ ወጥቶ አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም።

በ2001 ኢንተርኔት ቤት ሲከፈት የእህቷ ልጅ ትዕግሥት ከአዲስ አበባ መጥታ በነፃ የሚሠራ ድረ ገጽ ከፈተችላት። ማናልሞሽ ክላሴሮቿን ተሸክማ እየሄደች ቅጥያዎቹን አንድ በአንድ አስገባች። ከእያንዳንዱ ሥር የብዕር ስምና ስልክ ቁጥር አለ። ስልኩ የሁሉም አንድ ነው፦ የማናልሞሽ። ገሚሱ ስልክ አልነበረውም፤ ያለው ደግሞ ሚስቱ እንዳታውቅ ይፈራል። በእኛ አገር ስልክ የሌለው ሰው የጎረቤቱን ወይም የባለሱቁን ቁጥር መስጠቱ ያለና የነበረ ነው። አንባቢ ሲደውል ማናልሞሽ መልእክቱን ተቀብላ ገበያ ላይ ለባለቤቱ ታደርሳለች።

በ2008 ክረምት ያ ነፃ ገጽ ጳጉሜን መጨረሻ ላይ እንደሚዘጋ የሚገልጽ መልእክት ደረሳት። ሱሀይብ አማን ላይ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ቅጥያዎቹን ሁሉ አንብቦ የጨረሰ የሁለት ልጆች አባት ነው። «ምንም አያስቡ፣ እትዬ» አላት። «አዲስ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ራሱ ይቀበላል፣ ራሱ በደራሲ በደራሲው ይለያል፣ ራሱ ይደረድራል። እርስዎ አርፈው ይቀመጣሉ።»

ቅጥያዎቹን ወደ አዲሱ ገጽ የገለበጠበት ቀን እኔም ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ስለማላውቅ ከፊቱ አልተነሳሁም። አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ ቁጥሩ እየሮጠ ሁለት መቶ አሥራ አራት ደረሰ። ከዚያ አዲሱን ገጽ ከፈተው። አንድ ደራሲ፣ አንድ ድርሰት።

ሱሀይብ ላብ አጠመቀው። ለካ ማሽኑ ደራሲን የሚለየው በስልክ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ሁሉም የማናልሞሽ ሆነ። ርዕሱም የሁሉም «የሰባተኛው ኬላ መጨረሻ» ነው፤ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ያንኑ ርዕስ ነው የሰጡት፣ እሷ ደግሞ እንዳለ ተየበችው። አንድ ደራሲ በአንድ ርዕስ ደጋግሞ ሲያስገባ ማሽኑ የታረመ ቅጂ መስሎት አሮጌውን ያወጣል፣ አዲሱን ያስቀምጣል። እንዲህ ሲያወጣ ሲያስቀምጥ ቆይቶ መጨረሻ የገባችው ብቻ ቀረች። እሷም በለጡ አስተማሪ የምታገባባት የኔዋ ጉድ ናት፤ ደራሲዋም ማናልሞሽ።

«መምህር ገሠሠ፣ ሳልጠየቅ ተዳርኩልህ» አለችኝ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ለቀማው ተጀመረ። አሮጌው ገጽ ሊዘጋ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። እያንዳንዱ ቅጥያ በባለቤቱ ስምና ቁጥር እንደገና መግባት አለበት፣ ከሥሩ ያለው ግን «ታዛቢው» እና «የአማኗ» የሚል የብዕር ስም ነው። ማናልሞሽ ክላሴሮቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በእጅ ጽሕፈት ብቻ ትለይ ጀመር። ይሄ የፋርማሲው ሰውዬ፣ ይቺ የቀበሌዋ። በስምንት ቀን ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱን ለየች። አንዱ እምቢ አላት።

በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ፣ በ1997 በአውቶቡስ ረዳት እጅ የመጣ አንድ ገጽ ነው። ከሥሩ «ቢጤሽ፣ ከሸኮ» ይላል። የተተየበውን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «አንቺ በለጡ፣ ጠባቂው ምን እንዳለሽ አልሰማሁም። እኔም ጠይቄ ነበር። የነገሩኝ ሁሉ ውሸት ነበር። አሁን ቤትሽ ግቢና እሳት አንድጂ። ለሁለት አታብስዪ። ለራስሽ አብስዪና ብዪ። እሱ ቢመጣ የሚበላ አይጠፋም።» ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬበታለሁ። ደራሲው ገጸ ባሕርይዋን ፊት ለፊት የሚያናግርበትን ጥበብ እዩ እያልኩ።

«በእርስዎ ስም ይግባና እንገላገል» አለ ሱሀይብ። «ስም ከሌለው ማሽኑ አይቀበልም።»

«የሰው ቃል በኔ ስም አላስገባም» አለች ማናልሞሽ። ድምጿ እንዲህ ሲጠነክር ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ሳንጠይቃት ነገረችን። «ይቺ ወረቀት እስክትመጣ አራት ዓመት ለሁለት ሰው ነበር የማበስለው። ማታ ማታ የሱን ከድኜ አስቀምጣለሁ፣ ጠዋት ለውሻ እሰጣለሁ። ይቺን የተየብኩ ዕለት ለአንድ ሰው አበሰልኩ። ማን እንደሆነች ሳላውቅ ገጹ ሊዘጋ ነው። ሳላመሰግናት ልቀር ነው።»

ወረቀቱን አነሳሁት። እኔ የማውቀው ታይፑን ነው፤ የእጅ ጽሑፉን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። የ«ም» ጅራት ወደ ላይ ተቆልምሟል። አረንጓዴ ቀለም። መምህራን ማሠልጠኛ አንድ ዴስክ ላይ ስንቀመጥ ቀይ እስክሪብቶ ልጆችን ያስደነግጣል፣ በአረንጓዴ ይታረም እያለ የሚሟገት አንድ ሰው ነበር፤ ኃይለሚካኤል። ወረቀቱ በመጣበት ጊዜ ሸኮ ያስተምር ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ አማን ይኖራል። ሌሎቹን የለየችው የከተማውን ሰው እጅ በየቀኑ ስለምታይ ነው፤ የእሱን የት አይታ።

ወረቀቱን ይዘን አማን ቤቱ ሄድን፤ ኃይለሚካኤል አይቶት ሳቀ። «እጁ የኔ ነው፣ ቃሉ ግን የኔ አይደለም። በየነች የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ። አማርኛ ትናገራለች እንጂ አትጽፍም። ጻፍልኝ አለችኝና ጻፍኩላት።»

«ታዲያ ለምን ወደኔ ላክኸው?» አለች ማናልሞሽ።

«የበለጡን ደብዳቤ የምትቀበል ሴት ሚዛን አለች ሲባል ሰማሁ።»

ደብዳቤ ሲል አላስተዋልኩትም። እኔ ለራሴ ስንት ዓመት የተመራመርኩበት ጥበብ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቻለሁ።

በማግስቱ በአባዱላ ሚኒባስ ሸኮ ሄድን። ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። የበየነች ቤት ከቡና ማሳዋ ሥር ነው። ስድሳውን ያለፈች፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት ናት። ማናልሞሽ ወረቀቱን አነበበችላት፣ እሷም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እኩል አለችው። በእርግጥም የእሷ ነው። ለድረ ገጹ ስሟን መዘገብን። ስልክ ስንላት «ባለሱቁ ከድር ጋ ደውሉ፣ ይጠሩኛል» አለች። ሱሀይብ ኋላ ይህን ሲሰማ ራሱን ይዞ፣ ማሽኑን በስልክ ሳይሆን በስም እንዲለይ፣ ርዕሱ አንድ ቢሆንም አሮጌውን እንዳያወጣ አድርጎ ገጹ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ሁሉንም አስገባ።

መዝግበን ስናበቃ በየነች ወደ ማናልሞሽ ጠጋ አለች።

«ደብዳቤው ደረሳት?»

«ለማን?» አልኩ እኔ።

«ለበለጡ። በሬዲዮ ስታለቅስ ለነበረችው። ድምጿ ሲጠፋብኝ ጻፍኩላት። ምን ሆና ነው እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት።»

የማስተማር ልማድ አይለቅም። በለጡ የምትባል ሰው የለችም፣ ተዋናይት ናት፣ ድርሰት ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ማናልሞሽ ክንዴን ያዘችኝ።

«ደርሶኛል፣ እናቴ» አለች።

በየነች አተኩራ አየቻት። ፊቷን፣ እጇን፣ ጭቃ የነካ ጫማዋን አየች።

«መጣ?»

«አልመጣም።»

«ትበያለሽ?»

«እበላለሁ።»

«ጎሽ» አለች በየነች፣ እጇንም ይዛ ወደ ቤት አስገባቻት።