ሳልንተባተብ ያነበብኩት ወረቀት

ባለፈው ነሐሴ የወንድሜ የልጅ ልጅ ዮናስ የላስቲክ ከረጢት በብብቱ ይዞ ቤቴ መጣ። በሐምሌ መጨረሻ ንፋስ መውጫ ገበያው ዳር ያለችው ሱቁ ጎርፍ ገብቶባት ስኳሩ ቀልጧል፣ ሲሚንቶው ድንጋይ ሆኗል። ከከረጢቱ የመድን ውሉን አወጣና፣ «አባባ፣ እርስዎ ወረቀት ያውቃሉ፤ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ዛሬ ውሉ በአማርኛ ነው፤ ይኸም አንድ ነገር ነው።

«መቼ አመለከትክ?» አልኩት።

«ገና ነኝ። ፍልሰታ ይፈታና እሄዳለሁ። በጾም ክስ አይጀመርም አሉኝ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ልጁ ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ፤ ከሰባ ዓመት በላይ የኖረ ሰው በአንድ ወረቀት እንዲህ ይቆጣል? ግን ያ ቁጣ በዮናስ ላይ አልነበረም። የቆየ ነው። እንዴት ልበለው… ከዮናስ አባት ልጅነት ጀምሮ ያደረ ቁጣ ነው።

ወንድሜ አድማሱ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አባታችን ሲሞት እኔ ዳዴ እል ነበርና አያ አድማሱ ለኔ ወንድምም አባትም ነው። እሱ ፊደል አልቆጠረም። እኔን ግን ደብረ ታቦር ድረስ ልኮ ሁለተኛ ደረጃ አስገባኝ። በየወሩ በሶና የገብስ ቆሎ በነጋዴ አህያ ይልክልኛል፤ አንዳንዴ ከበሶው መሀል አንዲት ትንሽ ቅል ማር አገኛለሁ፣ ለብቻዬ እንድልሳት። አንደበቴ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ይያዛል። ነገሩ ሁሉ ይገባኛል፣ መልሱም አለኝ፣ ቃሉ ግን ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። የሰፈሩ ልጆች ሲስቁብኝ አያ አድማሱ፣ «ተዉት! የሱ አፍ ወረቀት ላይ ነው» ይላቸው ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። በኛ አገር እህል የሚፈጨው በሴት ክንድ ነበር። አያ አድማሱ በዱቤ የናፍጣ ወፍጮ ገዛ፤ ያገሬ ሰው «ባቡር» የሚለውን። እስከ ደብረ ታቦር በመኪና መጣ፣ ከዚያ ወዲህ ሰውና በሬ ጎተተው። ሞተሩ ማብረጃ ውኃ ስለሚፈልግ ቤቱን ከጅረት ዳር ሠራለት። ጅረቷ በጥር ወር ፍየል የምትዘላት፣ ስም እንኳ ያልወጣላት ጅረት ናት። ባቡሩ ቱፍ ቱፍ ማለት ሲጀምር ሴቶች ከሦስት ቀበሌ ስልቻቸውን በአህያ ጭነው መጡ፤ አንዳንዷ ዱቄቱን በመዳፏ ይዛ ትኩስ መሆኑን ለጎረቤቷ ታስነካለች።

ሻጩ ዱቤው እስኪያልቅ መድን ይገባ ብሎ ነበርና የመድን ድርጅቱ ወኪል ሰው በታኅሣሥ መጣ። ሙክት ታረደለት። የምራቴ፣ የአያ አድማሱ ሚስት የጥሩነሽ ጠላ በጣም ጣፍጦታል አሉ። «ጎርፍ ቢወስደው፣ እሳት ቢበላው፣ እኛ አለን። አንተ ተኝተህ እደር» አለ። ይህን የተናገረው በአማርኛ ነው። ወረቀቱ ግን በእንግሊዝኛ ነበር። አያ አድማሱ አውራ ጣቱን አትሞ፣ «ታከለ ለክረምት ሲመጣ ያነብልኛል» ብሎ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። ለክረምት መጣሁ፤ «አነብልሃለሁ» አልኩ፤ አንድ ቀን እህል በዛ፣ ሌላ ቀን የጎመን ዘር እንዘራ ነበር፣ ሳላነብለት ቀረሁ። ይኸንንም እዚህ ላይ መጻፍ አለብኝ።

በሐምሌ መጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ጉና ላይ ሰማዩ ጠቆረ። እኛ ዘንድ ጠብታ አልወረደም። ጅረቷ ግን በድንገት እንደ ብዙ ከብት እያጓራች መጣች። አያ አድማሱ ሴቶቹንና አህዮቹን አስወጣ። ከዚያ ለእህሉ ተመለሰ። የራሱ እህል አልነበረም፣ የሰው ነው። አንድ ስልቻ አወጣ፣ ሁለተኛ አወጣ፣ ሦስተኛውን እኔ ተቀበልኩት። «ይበቃል አያ!» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ «ይ… ይ…» እያልኩ እሱ ዞሮ ገባ። ግድግዳው ወደ ውኃው ሲያዘነብል አየሁ። በማግሥቱ ከታች፣ አንዲት ወይራ ሥር አገኘነው።

በሣልስቱ ሣጥኑን ከፍቼ ወረቀቱን አነበብኩ። ድንኳኑ ሥር ሰው ንፍሮ እየቆረጠመ ያለቅሳል፣ እኔ ከጓዳ መዝገበ ቃላቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እየተደናቀፍኩ አነባለሁ። ከሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ ጉዳት በደረሰ በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያላስታወቀ መብት የለውም ይላል። ወጥቼ ለእናቴ ወንድም ለመሪጌታ ኅሩይ ነገርኳቸው። ከቤተ ልሔም ደብር ድጓ ያስመሰከሩ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ በቃላቸው የሚያድር ሰው ነበሩ።

«የኔታ፣ ማ… ማመልከት አለብን። ሠላሳ ቀን ብቻ ነው።»

«የወንድምህ አፈር ሳይደርቅ?» አሉኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለቀስተኛ እንዳይሰማ። «አርባው ሳይወጣ ከዚህ ደጅ የክስ ነገር አይወጣም። አገሩ ምን ይለናል? ሬሳውን ሸጡት ነው የሚለን።»

«ወረቀቱ ግን…»

«ወረቀት ይጠብቃል። ነፍስ አትጠብቅም።»

ምራቴን ጥሩነሽን አየኋት። ጠጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷ ቆሳስሎ ተቀምጣለች። ምን ልበል? ወረቀቱን አጥፌ ወደ ሣጥኑ መለስኩት።

አርባው በጳጉሜ ማለቂያ ወጣ። ዘመን በተለወጠ በማግሥቱ ተነሥቼ የባቄላ እሸት እየፈለፈልኩ በእግሬ ደብረ ታቦር ወረድኩ፣ ከዚያ በመኪና ጎንደር ገባሁ። የድርጅቱ ጸሐፊ ወረቀቴን ተቀበለና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ በብዕሩ ጫፍ እየነካካ ቆጠረ።

«አሳልፋችኋል» አለኝ።

«ሐ… ሐዘን ላይ ነበርን።»

«ሐዘን በውሉ ውስጥ የለም።»

ይኸው ነው። ሐዘን በውሉ ውስጥ የለም። ወኪላቸው የበላው ሙክትም በውሉ ውስጥ አልነበረም።

ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝና ሻይ ጠራ። ለራሱ።

ስመለስ ቀጥታ የሄድኩት ንፋስ መውጫ፣ ባላምባራስ ተገኝ ዘንድ ነው። ባላምባራስ ከአውራጃው ፍርድ ቤት ደጅ ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ፣ ለደሀ የሚሟገቱ ነገረ ፈጅ ነበሩ። አንድ ዓይናቸው አታይም፤ «ይቺኛዋ የተከሳሽን ጥፋት ብቻ ነው የምታይ» እያሉ ይቀልዳሉ። ነገሩን ሁሉ ሰምተው ጢማቸውን አሻሹ።

«ወንድምህ አያነብም?»

«አያነብም።»

«ሚስቱስ?»

«አታነብም።»

«እንግዲህ ያላወቁት ቃል እንዴት ያስራቸዋል? ወኪሉ በአማርኛ ሠላሳ ቀን አላለም፤ ምስክር አለን። በዚች እንገባለን። ችግሩ አንተ ነህ። ከጠየቁህ፣ እንግሊዝኛ ብዙም አልችልም፣ አልገባኝም ነበር በል።»

«ግን… አንብቤዋለሁ።»

«ልጄ፣ ሰው በአፉ፣ በሬ በቀንዱ ይያዛል። ላንተ ደግሞ እግዜር አፍህን አስሮልሃል። እንደታሰረ ይቆይ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ለዚህ ሁሉ ሥራ የጠየቁኝ አንድ ጉንዶ ማር ነበር፣ እሱንም ከተፈረደልን በኋላ። ፍርዱ ለኛ ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ ድርጅቱ ካልከፈለ ሻጩ በዋስትና የተያዙትን በሬዎችና ቤቱን ይወስዳል፣ ጥሩነሽ ሁለት ልጆቿን ይዛ ሜዳ ላይ ትቀራለች። ትንሹ ልጅ፣ የዮናስ አባት፣ ገና ጡት አልጣለም።

ችሎቱ በየካቲት ዋለ። ነፋሱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንኳኳል፣ ዳኛው ደጋግመው «ጮክ በሉ» ይላሉ። ባላምባራስ እንደዚያ ቀን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ጠላውን፣ ሙክቱን፣ «ተኝተህ እደር» ያለውን ሁሉ አነሡ። «ጌታዬ፣ የማያነብን ሰው በማያነበው ቋንቋ አስረው ሲያበቁ፣ አሁን ገመዱን ለምን አላየህም ይሉታል!» አሉ። ዳኛው አንገታቸውን ነቀነቁ። ከኋላ የተቀመጠው ሰው አጉረመረመ። ጥሩነሽ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች። እንደሚፈረድልን አምና ነበር። እኔም አምኜ ነበር።

የድርጅቱ ጠበቃ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ እኔ ዞረ። የተማሪ ቤት ልብሴን ለብሼ ነበር፣ ሌላ ደህና ልብስ ስላልነበረኝ።

«አንተ ተማሪ ነህ። ይህን ወረቀት ማንበብ ትችላለህ?»

«እን… እንግሊዝኛ… ብ… ብዙም…»

«ብዙም? ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«አ… አሥረኛ።»

ፈገግ አለ። ወደ ዳኛው ሳይሆን ወደ ሕዝቡ ዞረ። «አሥረኛ ክፍል ደርሶ አማርኛውም ይተናነቀዋል! ሟች እህል እየፈጨ ያስተማረው ይኸን ነው? እንዲህ ከሆነማ፣ ገንዘቡን ጎርፍ የወሰደበት ዛሬ አይደለም፣ ዱሮ ነው።»

ሰው ሳቀ። ያገሬ ሰው፣ እህሉን አያ አድማሱ በነፍሱ ያወጣለት ሰው፣ ሳቀ። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ቀልዱ ቀልድ ሆኖበት ነው። እኔ ግን በሶው ታየኝ። ቅሏ ታየችኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በትክክል አላስታውስም፤ ባላምባራስ ልብሴን ይዘው ሲጎትቱኝ፣ እኔም ስመነጭቃቸው ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። ወረቀቱን ከጠበቃው እጅ ቀማሁትና አነበብኩ። ከላይ እስከ ታች፣ በእንግሊዝኛ። ከዚያ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መለስኩት። የሠላሳውን ቀን አንቀጽም ጭምር። አንድ ጊዜ እንኳ አልተያዝኩም። ቃሉ ከአፌ እንደ ጎርፉ ይወርድ ነበር። ስጨርስ ጠበቃውን አየሁትና፣ «ወንድሜ ያስተማረኝ ይኸን ነው!» አልኩት።

ጠበቃው ፈገግታውን አልለወጠም። «አመሰግናለሁ» አለኝ፤ ተቀመጠ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። ሊጠይቁኝ እንዳልፈለጉ ያስታውቅ ነበር። «ይህን መቼ አነበብከው?»

«በሣልስቱ።»

መሪጌታ ኅሩይ ከኋላ ተነሡ። «ጌታዬ፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ! አርባው ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ!» ዳኛው፣ «ይቀመጡ አባቴ» አሏቸው። ጥሩነሽ ነጠላዋን መልሳ አፏ ላይ አደረገች። ጉዳዩ ከዚያ በላይ አልቆየም፤ ተፈረደብን።

ስንወጣ መሪጌታ ትከሻዬን ይዘው፣ «እውነት ተናገርክ ልጄ። እግዚአብሔር ይይልህ» አሉኝ። ጮኽኩባቸው። ለታላቅ፣ ለካህን ሰው ጮኽኩ። «እውነት አልተናገርኩም! ተናድጄ ነው!» አልኩ፤ ይህን ግን ስል እየተንተባተብኩ ነበርና የሰሙኝ አልመሰለኝም።

ባላምባራስ ጠረጴዛቸውን አጥፈው ሄዱ።

በሬዎቹን ለመንዳት የሻጩ ሰዎች በመጋቢት መጡ። ቤቱም ሄደ። ጥሩነሽ አንዱን ልጅ አዝላ፣ አንዱን እያስከተለች ወደ አባቷ አገር ወደ ስማዳ ተመለሰች። መንገድ ድረስ ሸኘኋት። ስንለያይ፣ «ወንድምህ ቢሰማህ ኖሮ እንዴት ደስ ይለው!» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትምህርቱም በዚያው ቀረ፤ የሚያስተምረኝ የለም። በዓመቱ ባላምባራስ አስጠሩኝና ከጠረጴዛቸው ጎን ሌላ ጠረጴዛ ሰጡኝ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ይናገራሉ። እሳቸው ካረፉም በኋላ እስከ እርጅናዬ ድረስ በብዕር ኖርኩ። ያገሬ ሰው ግን ዛሬም ሲያስተዋውቀኝ፣ «ይኸ በፍርድ ቤት ራሱን የሚጎዳ እውነት የተናገረው ነው» ይላል። ሽማግሌ አድርጎ ይጠራኛል፣ ዋስ ያደርገኛል። ድፍን ዕድሜዬን በዚያ ስም በልቻለሁ። ለቁጣዬ ምርቃት ተሰጠኝ፣ ጥሩነሽ ከፈለችው። በጠበቃውና በጸሐፊው እናደዳለሁ፣ በመሪጌታ እናደዳለሁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፤ ከሁሉ በላይ ግን በዚያ የተማሪ ቤት ልብሱን ለብሶ በሚጮኸው ልጅ እናደዳለሁ። ልጁ ግን ወንድሙን ቀብሮ ነበር። ይኸንንም አውቃለሁ። ማወቄ ቁጣዬን አላበረደውም።

እና ዮናስ «ፍልሰታ ይፈታና» አለኝ።

ካፖርቴን ለበስኩ። ዝናቡ ይወርዳል። «ወዴት ነው አባባ? ይረጥባሉ!» አለ። ባጃጅ ጠርቼ አስገባሁትና ከአዲሱ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ቢሮ ወዳላት ጠበቃ ወሰድኩት። ወጣት ሴት ናት። ወረቀቱን ተቀብላ ታየዋለች፣ ዮናስ ፀጉሩን ያራግፋል።

«ጎርፉ የደረሰው መቼ ነው?» አለች።

ዮናስ ሊመልስ ሲል በእጄ ከለከልኩት። እኔ መናገር ፈለግሁ።

«ሐ…» አልኩ። «ሐ… ሐም…»

ልጅቷ ብዕሯን ይዛ ጠበቀችኝ። ቃሉን አልቀማችኝም፣ አልሳቀችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። እኔም ቀኑን፣ ቀስ ብዬ፣ እየተንተባተብኩ፣ እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ጻፈችው። በዮናስም ውል ላይ ከተጻፈው ሠላሳ ቀን ገና አሥራ ስድስት ይቀረን ነበር።