አንሙት የጻፈው ሜተድ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ካፌ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ አጠገቤ ያለ ወጣት ፕሮግራመር ላፕቶፑን ይረግም ነበር። «አንድ ፊደል በነካሁ ቁጥር ይደርቃል» አለኝ። ያን መድረቅ አውቀዋለሁ።

በወጣትነቴ ከጓደኛዬ ከአንሙት ጋር ሮብ ገበያ አካባቢ ላለች ትንሽ ክሊኒክ የታካሚ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርተን ነበር። የስክሪኑን ኮድ በሙሉ የጻፈው እሱ ነው። አስረክበን ክረምቱ ሳይወጣ ታመመና ሞተ። ጨርሶ ያስረከበው ሥራ ያ ብቻ ነበር።

ተዝካሩ በወጣ ሰሞን ፕሮግራሙ ይደርቃል ተብሎ ከክሊኒኩ ተደወለልኝ። ከጮቄ ተራራ በሚወርድ ጉም ውስጥ ጭቃውን እየረገጥሁ ደረስሁ። እናቶች ሕፃናት አዝለው ተሰልፈዋል። ነርሷ ሲስተር ውዴ ገና በሩ ላይ ተቀበለችኝ።

«ወንድምዓለም፣ ዛሬ ካልተስተካከለ ነገ አወጣዋለሁ። ወደ ወረቀቴ እመለሳለሁ።»

«ይኼ ስሙን ፈልጎ እስኪያገኝ ልጁ አግብቶ ይወልዳል!» አሉ አንዲት አሮጊት ከሰልፉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ፕሮግራሙ ከወጣ ከአንሙት በዚህ ዓለም የሚቀር ነገር እንደማይኖር አሰብሁ።

ሰልፉ ሲሳሳ፣ ሲስተር ያቀረበችልኝን ትኩስ ድንች እየላጥሁ ፕሮፋይለር ከፈትሁ። የትኛው ሜተድ፣ ማለትም በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ ስንት ጊዜ እንደተጠራ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። አንድ ፊደል ነካሁ። ሌሎቹ ሜተዶች ዝም ሲሉ የአንዱ ቁጥር እንደ ጎርፍ ሞላ። ለእያንዳንዱ ፊደል የታካሚዎቹን ስም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነባል፣ መልሶም ያስቀምጣል።

ወዲያው ገባኝ። አንሙት ዜማ ቤት ያደገ ልጅ ነው። እዚያ አዲስ ቀለም የሚቀበል ተማሪ አስቀድሞ የተማረውን ሁሉ ይከልሳል። ኮዱንም ያስተማረው እንደዚያው ነበር።

ፊደል በተነካ ቁጥር እንዳይነሳ ጥሪውን ከፊደሎቹ ላይ አነሳሁት። ሲስተር ዘግይተው የመጡ እናቶችን መዘገበች፤ ስክሪኑ እንደ ውኃ ፈሰሰ። እፎይ ብዬ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ።

ፕሮፋይለሩ ላይ የሜተዱ ቁጥር ጨመረ።

ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጨመረ።

«ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ?» አለች ሲስተር።

«ማንም ሳይነካው እየሠራ ነው።»

«በስመ አብ!» ብላ አማተበች።

ኮዱን ሳገላብጥ አገኘሁት። አንሙት ያንኑ ሜተድ በየጥቂት ደቂቃው በራሱ እንዲነሳ አድርጎት ኖሯል። ልሰርዘው ስል መብራት ሄደ፤ ኮምፒውተሩም ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ አሁን የተመዘገቡት እናቶች ስም አንድም ሳይጎድል ተቀምጦ ነበር። ያስቀመጠው ያው ሜተድ ነው።

«ተወው» አለች ሲስተር በዝግታ። «ይሥራ።»

ተውሁት።

ለካፌው ወጣት ጥሪዎቹን እንዴት እንደሚለካ አሳየሁትና ወጣሁ። ሰው ሲሞት ልማዱ ወዴት ይሄዳል እያልሁ እጠይቅ ነበር፤ አሁን አልጠይቅም። ክሊኒኩ ዛሬም በዚያው ስክሪን ይሠራል። በሩ ተዘግቶ፣ ኮምፒውተሩ በርቶ በተረሳ ቀን፣ ባዶው ክፍል ውስጥ የአንሙት ሜተድ በየጥቂት ደቂቃው ይነሳል። ስሞቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ ያነባል። ከእነሱም ብዙዎቹ ሞተዋል። እሱ ግን ይህን አያውቅም።