ጋላክሲ የምትታይበት ጨለማ ፍለጋ

የመንገድ መብራት ጠጋኙን ሰፈሩ «ፊውዝ» ይለዋል። ቶሎ ስለሚቃጠል ነው የሚሉ አሉ፤ ሚስቱ ግን «እሱ? ሲናደድ እንኳ ተራ ይዞ ነው» ትላለች። እውነትም ሳይለካ የማይቆርጥ፣ ሳይፈትሽ የማይነካ ሰው ነው። ስለዚህ ታላቅ እህቱ ጋላክሲ ማየት አማረኝ ስትለው አልሳቀባትም። እጁን ጠራረገና «መቼ?» አላት።

«ሳምንት ዓይኔን ሳይነካኩኝ በፊት።»

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። የሁለቱም ዓይኖቿ መሃል ደክሞ፣ ፊት ለፊት ያለው ሁሉ እየደበዘዘባት መጥቷል። ቀዶ ጥገና ተቀጥሮላታል፤ ሐኪሙ ግን ምን ያህል እንደሚተርፋት አፉን ሞልቶ አልነገራትም። አንድሮሜዳ የምትባል ጋላክሲ ያለ መሣሪያ እንደምትታይ፣ በዓይን ከሚታየውም ሁሉ ሩቅ እንደሆነች በሬዲዮ ሰምታለች።

«ዕድሜዬን የመርፌ ቀዳዳ ሳይ ኖርኩ። አንዴ እንኳ ሩቅ ልይ እንጂ፣ ወንድሜ።»

ፊውዝ ሥራዬ ብሎ ያዘው። ሰሞኑን ጨረቃ ዘግየት ብላ ስለምትወጣ፣ ከመሸ በኋላ ጥቂት የጨለማ ጊዜ ይገኛል፤ ጋላክሲዋም በዚያ ሰዓት ከአናት ብዙ አትርቅም። ከቅዳሜ በኋላ ግን ቀጠሮው እስኪደርስ ዝናብ ነው ተብሏል። ስለዚህ ቅዳሜ። ቦታው ነው ያስቸገረው። ኮረብታው ጨለማ ነው፤ የእህቱ ጉልበት ግን ዳገት አይወድም። ወንዙ ዳር ጭጋግ አይጠፋም። በመጨረሻ ከከተማው ጥግ፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው አጠገብ ያለውን የኳስ ሜዳ መረጠ። መኪና ውስጡ ድረስ ይገባል፣ መሬቱ ደልዳላ ነው፣ ጨለማውም ዓይን ቢወጉ አይታይም። ይህንን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስንት ምሽት እዚያ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ በእጅ ባትሪ ሠርቷል!

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ታጣፊ ወንበር፣ ብርድ ልብስና ፍራሽ ሲጭን ሚስቱ አይታ «ሰማይ ልታዩ ነው ወይስ ቤት ልትቀይሩ?» አለችው። ፍራሹን አስቀረ።

ሜዳው ሲደርሱ ፓውዛዎቹ በሙሉ ቦግ ብለው በርተዋል። መሬት ላይ የወደቀ መርፌ እንኳ ይለቀማል። ፊውዝ መሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ጨለማ ነው አላልከኝም?» አለች እህቱ።

«ነው እኮ፣ እትዬ! በመጣሁ ቁጥር ጨለማ ነው።»

«ለምንድን ነው የምትመጣው?»

«መብራት ልጠግን።»

«ስትጠግን ማን ያጠፋዋል?»

ፊውዝ እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። መስመሩን ሳያጠፋ ምሰሶ የሚወጣ ጠጋኝ የለም። እህቱ በሳቅ ፈረሰች። «አንተ ልጅ፣ ጨለማውን ይዘኸው እየመጣህ ነዋ!»

ለእሱ ግን ሳቅ አልመጣለትም። ዛሬ ካለፈ ዝናቡ፣ ከዝናቡ በኋላ ቀጠሮው ነው። ወርዶ የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ከፈተ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ማጥፊያው ጣቱ ሥር ነው። ቀና ሲል ከፋብሪካ የወጡ ሴቶች ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው በብርሃኑ ሥር እየተጣደፉ ሲያልፉ አየ። መልሶ ዘጋው።

«ጎበዝ» አለች እህቱ ከኋላው። «እኔ ሰማይ ልይ ብዬ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ይግባ? ከዚያ ግንብ ጀርባስ ምን አለ?»

«ቁልቁለት ነው፣ ድንጋይ ይበዛበታል። ጉልበትሽስ?»

«ለጉልበቴ ነገ አለቅስለታለሁ።»

ወንበሩን ተሸክሞ ቀደመ፤ እሷ ቀበቶውን ይዛ መሬቱን በእግሯ እየፈተሸች ተከተለችው። የማጠራቀሚያው ግንብ ብርሃኑን ቆረጠው። ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቁ። ፊውዝ የጋላክሲዋን ቦታ አሳያትና እሱም አፈጠጠ። ምንም የለም። ዓይኑ እስኪያለቅስ አፈጠጠ። በዚያ ላይ ከሜዳው ማዶ የሰማዩ ጥግ ነጣ ማለት ጀመረ፤ ጨረቃ ልትወጣ ነው። የእሱ ጤነኛ ዓይን ያጣትን የእሷ ከየት ያገኛታል?

«ይቺ ናት እንዴ?» አለች እህቱ በቀስታ።

«የቷ?»

«ጨርቅ ላይ ያሰመርከውን ጠመኔ ስታራግፈው የምትቀረውን ብናኝ የመሰለችው። ፊት ለፊት ሳያት ትጠፋለች፣ ወደ ጎን ዞር ስል ትመጣለች።»

መሃሉ ከከዳት ወዲህ ዓለሙን ሁሉ የምታየው በዓይኗ ዳር ነው። እንዲህ ያለው ደብዛዛ ነገር በዓይን ዳር ሲያዩት ይበልጥ እንደሚታይ ግን የፊውዝ ዕቅድ ውስጥ አልነበረም።

«አታፍጥባት፣ ታፍራለች» አለችው። «እንዳላየ ሆነህ እያት።»

እንዳላየ ሆነ። ያኔ መጣች፤ ትንሽ፣ ጭስ የመሰለች።

«ትንሽ ናት» አለች እህቱ በመጨረሻ። «ግን ደረስኩባት። ሳምንት የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

ጨረቃ ወጣችና ጋላክሲዋን ዋጠቻት። እህቱ ብርድ ልብሱን ከትከሻዋ ላይ አውርዳ አጠፈችው።

«በል እጅህን ስጠኝ» አለች፤ «ዳገቱ ገና አሁን ነው።»